እምቢ የሚል ፖርቶመጋላ

ቪትዝ ያለው ሰው ፖርቶመጋላ ሊያስገጥም ሲነሣ ከሁሉም ጋር ይመክራል፤ ከመኪናዋ ጋር ብቻ አይመክርም። በያጁ «ከተሠራ አይቀር ሰፋ ይበል ጌታዬ፤ ብረቱ እንደሆነ ያው ነው» ይለዋል። ሚስቱ «ፍራሽ የሚችል ይሁን» ትላለች። ጎጃም ደብረ ኤልያስ ያሉት አክስቱ ወሬውን በስልክ ሲሰሙ «እሰይ የኔ ልጅ! እንግዲህ ጤፉን በሰው እጅ ከመላክ ተገላገልን» ብለው ይመርቁታል። ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ ልኬት መቀነስ ከባድ ነው። ስለዚህ ብረቱ ይሰፋል፣ ዙሪያውን አጥር ይበጅለታል፣ አንዳንዴም ከኋላ መሰላል ቢኖረው የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ መኪናዋ ራሷ ከአንድ ረዘም ያለ ሰው ትከሻ በታች መሆኗ ትዝ የሚለው የለም። ከዚያ ጥቁር ቀለም ይቀባና አራት ሰው ተረዳድቶ ጣሪያዋ ላይ ያወጣዋል። አራት ሰው ማስፈለጉ በራሱ አንድ ነገር መናገር ነበረበት።

መኪናዋ ብትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ቁጥር ነበራት። አምራቾች ለትናንሽ መኪኖች ጣሪያ የሚፈቅዱት ጭነት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ግራም ነው። ቁጥሩ ከመኪናዋ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ይገኛል፤ ቪትዝ የሚለው ስም ግን የጃፓን ገበያ ስም ስለሆነ፣ መመሪያው ከነመኪናዋ አገራችን ቢደርስ እንኳ በጃፓንኛ ነው፤ እኛም ማንበብ ባለመቻላችን እንደተፈቀደልን ቆጥረነዋል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚዘነጋው ደግሞ ፖርቶመጋላው ራሱ ከጭነቱ ጋር መቆጠሩ ነው። በቱቦላሬ የተበየደ፣ ባለ አጥር፣ ጣሪያውን በሙሉ የሚሸፍን ፖርቶመጋላ 25 ኪሎ ቢመዝን አይገርምም። 50 ኪሎ የተፈቀደላት መኪና ከፈቃዷ ግማሹን ባዶ ብረት ለመሸከም አዋለችው ማለት ነው። የሚተርፈው 25 ኪሎ አንድ መካከለኛ በግ ነው፤ ያውም ውሃ ያልጠጣ። የአክስት ኩንታል 100 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ የብረት ጥራት፣ የብየዳ ጥንካሬ፣ የቡሎን ውፍረት የሚያመጡት ለውጥ የለም። ብረቱ ቶን ቢችል ጣሪያው ግን የሚችለው ያችኑ ነው። ስለዚህ ለትንሽ መኪና ፖርቶመጋላ የሚመርጥ ሰው «ስንት ይጭንልኛል?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ስንት እንዳልጭን ይከለክለኛል?» ቢል ይሻለዋል እላለሁ። እምቢ የሚል ፖርቶመጋላ ያስፈልገናል።

ለምን ብረት እምቢ ይበልልን? ጣሪያ እምቢ ስለማይል ነው። ጎጃም ለሸክም እንግዳ አገር አይደለም። ከአባይ ማዶ የመጣ ቡናና ቅመም፣ ከሰሜን የወረደ አሞሌ፣ ባሶ ገበያ ላይ የሚገናኙት በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነበር፤ ጭነት ማመጣጠን፣ ግራና ቀኙን ማስተካከል፣ መጫኛ ማጥበቅ ዛሬም ድረስ የገጠሩ ልጅ ሳይማር የሚያውቀው ሙያ ነው። ይሁንና ያን ሙያ የተማረው ከአህያዋ ነው። አህያ ሲበዛባት ትተኛለች። በዱላ ብትመታ፣ ብትሰደብ፣ ዳውላው ካልቀለለላት አትነሣም፤ ባለቤቷም በሁለተኛው ገበያ ልክ ይገባል። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ሲመላለስ የኖረው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው አኩፋዳውንና ዳዊቱን ይዞ ከአገር አገር የሚያቋርጠው ከትከሻው ጋር ተነጋግሮ ነው። ትከሻ ያማል፣ ጀርባ ይላጣል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። የቪትዝ ጣሪያ ግን ኩንታል ሲጫንበት ዝም ይላል። ሁለተኛውንም ሲደርቡበት ዝም ይላል። የሚናገረው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን በር ሲዘጋ እንደ ድሮው ባለመግጠም፣ ዝናብ ሲዘንብ የውስጡን ጨርቅ በማጨማለቅ፣ ላሜራው ከመሐል በመርገብ ነው። በዚያን ጊዜ ባለመኪናው ወዴት ይሄዳል? ወደ በያጁ፤ ወፍራም ብረት ሊያስጨምር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። (ስለ ደብረ ኤልያስ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ወደ ሰምና ወርቅ ቢዞር ያምርበት ነበር፤ የቅኔ አገር ናትና። የክብደት ነገር ግን ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም።)

ትንሿን መኪና በቁመት የማሳደግ ፍላጎት ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በመካከሉ ትልቅ መኪና ላስብ ያለ ሁሉ ሐሳቡን ታቅፎ ቀረ፤ ያለችውን ይዞ መኖር ግድ ሆነ። ቤተሰብ ደግሞ ታክስ አይገድበውም፤ ይበዛል፤ ከነዕቃው ይበዛል። ስለዚህ ወደ ጎን የማትሰፋው መኪና ወደ ላይ ትስፋ ተባለ። ምክንያቱ የሚያሳዝን እንጂ የሚያስቅ አይደለም። ችግሩ፣ የጎደለውን መኪና ፖርቶመጋላ አይተካውም። የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ጠቅላላ የመሸከም አቅም ሰውንም ዕቃንም ጨምሮ ብዙውን ጊዜ 400 ኪሎ አካባቢ ነው። አምስት ጎልማሳ ሲሳፈርባት ከ300 ኪሎ በላይ አልቋል፤ ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሁለት ሻንጣና አንድ ጄሪካን ሲገባ ሒሳቡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሁሉ፣ ፖርቶመጋላው ቢችልም ባይችልም፣ ጎማውና ሞላው ያልተዋዋሉበት ዕዳ ነው።

ከአዲስ አበባ ጎጃም ለሚሄድ ደግሞ ዕዳው የሚጠየቅበት ቦታ የታወቀ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ አባይን ይሻገርና መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ወደ ፍሬን ሙቀት ይለወጣል፤ «በከባድ ማርሽ ይውረዱ» የሚለው ምልክት ለአይሱዙ ብቻ የተተከለ የሚመስለው የቪትዝ ሾፌር አለ። ሸለቆው ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይነሣል፣ ይሰጥማል፣ ይጣመማል፤ መኪና እዚያ ላይ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። እስቲ ግምታዊ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪና የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። አንድ ኩንታል ጣሪያዋ ላይ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ65 ላይ፣ ብናስቀምጥ ማዕከሉ ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። 10 ሴንቲ ሜትር በወሬ ደረጃ ትንሽ ነገር ነው፤ ገደል ዳር በሚጠመዘዝ መንገድ ላይ ግን መኪናዋ ሌላ መኪና ሆናለች፤ ሾፌሩ የሚያውቃት፣ ትናንት በቦሌ መንገድ ሲነዳት የዋላት መኪና አይደለችም። ያንኑ ኩንታል ከኋላ ወንበር ወለል ላይ ቢያስቀምጠው ማዕከሉ ከፍ አይልም፤ ይቀመጥበት የነበረው ሰው ግን መቅረት አለበት። ሸለቆው ግርጌ ላይ ያለው፣ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ድልድይ የተገነባው አሮጌው ድልድይ የዘመኑን ከባድ መኪና መሸከም ስላዳገተው ነበር። አዲሱን ድልድይም ቪትዟንም የሠሩት ጃፓኖች ናቸው፤ ሁለቱንም ስንት እንደሚችሉ አስልተው ነው የሰጡን። ድልድዩ ላይ ደርበን አልበየድንም።

እዚህ ላይ ከማንኛውም ክርክር ቀድሞ የሚመጣው ተቃውሞ ላዳ ነው። «ላዳስ? ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ዕድሜዋ ከሾፌሯ የሚበልጥ ላዳ ታክሲ ስንቱን ቁምሳጥን፣ ስንቱን አልጋ፣ ስንቱን በግ ስትሸከም የኖረች አይደለችም? ከላዳ ቪትዝ አንሳ ነው?» ተቃውሞው ትልቅ ነው፤ አይናቅም፤ መልሱ ግን ጣሪያዋ ዳር ላይ ተጽፏል። ላዳ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገበያ ከወጣችው ፊያት 124 የተቀዳች መኪና ናት፤ ሶቪየቶች በመጥፎ መንገዳቸው ምክንያት ላሜራዋን አወፍረው፣ ብዙ ነገሯን አጠንክረው ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ላይ ሠሯት። እንደ ዘመኗ መኪኖች ሁሉ በጣሪያዋ ግራና ቀኝ ጠርዝ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አላት፤ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት፣ ወጣ ያለ፣ ጠንካራ ከንፈር። የድሮው ፖርቶመጋላ የሚቆመው በዚያ ቦይ ላይ ነበር፤ ክብደቱ ከቦዩ በቀጥታ ወደ በሩ ምሰሶዎች፣ ከምሰሶዎቹ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ የጣሪያውን መሐል አይነካውም። ኮሮላ ዲኤክስም፣ ፔጆ 404ም፣ ቮልስዋገንም ይኸው ቦይ ነበራቸው። የዛሬ መኪና ቦዩን አጥታለች፤ ነፋስ እንዳይጮህባት፣ ነዳጅ እንድትቆጥብ፣ እንድታምርም ተብሎ ጠርዟ ለስልሷል። ስለዚህ ከላዳ ላይ የተፈታ ፖርቶመጋላ ቪትዝ ላይ ሲጫን የሚይዘው ያጣና እግሩን መሐል ጣሪያ ላይ ያሳርፋል፤ ያ ላሜራ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው። ሌላም አለ፤ ይህኛው የላዳ ወዳጆችን ያስቀይማል። የላዳ ሠሪዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ለጣሪያዋ የፈቀዱት 50 ኪሎ ነው። ቁምሳጥኑን የተሸከመችው በፈቃድ አልነበረም፤ የተሸከመችውም ከፒያሳ እስከ ጉለሌ፣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን አውጥቶ ገመዱን እየያዘ ነው። ያን ጊዜ ያልወደቀው ሁሉ ይችላል ማለት አይደለም። የወደቀውንም የሚያስታውስ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሠርግ ነው። ሙሽራ ሲታጀብ ሁለት ጎረምሳ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር አይተናል፤ 130 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ጣሪያውም አልተደረመሰም። እውነት ነው። ጣሪያ ቆሞ የሚችለውና እየሄደ የሚችለው አንድ አይደለም። መኪና ብትገለበጥ ተሳፋሪው እንዳይጨፈለቅ ጣሪያው ብርቱ ሆኖ ይሠራል፤ በአሜሪካ በ2009 የተሻሻለው ደንብ የአውቶሞቢል ጣሪያ የመኪናዋን ክብደት ሦስት እጥፍ እንዲችል ይጠይቃል። 50 ኪሎ የሚለው ቁጥር የመጣው ከጣሪያው ድክመት ሳይሆን ከመንገዱ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ላይዋ ያለው ጭነት ለቅጽበት ክብደቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይገፋል፤ ስትታጠፍ ወደ ጎን ይጎትታል፤ ይህን ሁሉ የሚይዙት አራት ትናንሽ መንጠቆዎች ናቸው። የሚጨፍሩት ጎረምሶችም እኮ መኪናዋ ፈጠን ስትል ይወርዳሉ። ኩንታል አይወርድም። «አውቶቡሱስ?» ለሚል፣ አውቶቡስና ቅጥቅጥ የቆሙት በሻንሲ ላይ ነው፤ ከታች ወፍራም ብረት ተዘርግቶላቸዋል፤ ትንሽ አውቶሞቢል ግን ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ አጥንቷ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የፊዚክስ አይደለም፤ ስለዚህም ይከብዳል። «አገር ቤት ሄዶ የዘመድን ስጦታ አልጭንም ማለት ነውር ነው።» ደብረ ኤልያስ ገብቶ ባዶውን የሚመለስ ሰው የለም። ጤፉ ከመከሩ ተለይቶ ቆይቶለታል፤ ማሩ ተቆርጧል፤ በርበሬው ተቀንጥሷል፤ የቢቸና ዘመድ ካለ ደግሞ ነጭ ጤፍ የቢቸና ነው እያለ ሌላ ማዳበሪያ ሙሉ ያስከትላል፤ የሞጣዎቹ ከሰሙ እነሱም አይቀሩም። አክስት መኪናዋ አጠገብ ቆመው ሲያስጭኑ የሚሉት ቃል ሁሌም አንድ ነው፤ «ይቺ ምን አላት?» የምትባለዋ «ይቺ» ግማሽ ኩንታል ናት። «አክስቴ፣ በቃ ሞልቷል» ቢል «ሞልቷል? ላዩ እኮ ገና ባዶ ነው!» ይሉታል፤ ልክ ናቸው፤ ላዩ ባዶ ነው። እዚህ ጋ ነው የፖርቶመጋላው ስፋት ዋጋ የሚያስከፍለው። የእህት ልጅ አክስቱን እምቢ ማለት አይችልም፤ ማለትም የለበትም። ስለ ጣሪያ ጭነትና ስለ ክብደት ማዕከል ቢያስረዳቸው «ተምሮ ተምሮ የዘመዱን እህል ጠላ» ይባላል። ቦታ የሌለው ፖርቶመጋላ ግን ያለ አንድ ቃል ያስረዳል። ሁለት አግዳሚ ብረት፣ በመካከላቸው አየር፤ ኩንታል ቢያስቀምጡበት ይንጠለጠላል፣ ይንሸራተታል፣ ለራሱም ያስጠላል። አክስት አይተው ራሳቸው «ይሄማ ይወድቃል፤ በአይሱዙ እንልከዋለን» ይላሉ። ሥራው ተሠራ፤ ማንም ማንንም አላስቀየመ።

«ባዶ ቦታ ቢኖር ምን አለበት? እኔ ራሴን እገዛለሁ» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ራስን መግዛት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሲገዙ የሚኖሩት ራስን ነው እንጂ አክስትን አይደለም። የኩንታሉም መንገድ ድሮም ሌላ ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ እህል የሚጭኑ አይሱዙዎች ሞልተዋል፤ መርካቶ እህል በረንዳ የሚራገፈው አንዱ ኩንታል የዘመድ ቢሆን የሚከለክል የለም፤ ጭነቱ ይከፈላል፣ ሾፌሩ ስልክ ይቀበላል። ይህን ክፍያ ለማዳን ሲል መኪናውን የሚያጎብጥ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ያስታውሳል፤ ያውም ቆጡን እሱ ራሱ ነው ያሠራው። «ታዲያ ፖርቶመጋላ ለምን? ጭራሽ ይቅራ!» ይባል ይሆናል። አይቀርም። ክብደት የሌላቸው ግን ቦታ የሚበሉ ነገሮች አሉ፤ የልጅ ጋሪ፣ ሰሌን፣ ቅርጫት፣ የታጠፈ ድንኳን፣ የጉዞ ሻንጣ። እነሱ ላይ ሲወጡ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማሩ ለምሳሌ። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ውሃ ቢሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ማር ቢሞላ 28 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ማር ከውሃ ስለሚከብድ። ማር ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ ከወንበር ሥር ነው ቦታው። ፍራሽ ደግሞ የሚያታልል ዕቃ ነው። ቀላል ነው፤ ሁለት ልጅ ያነሣዋል፤ ነገር ግን መኪናዋ ስትፈጥን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል፤ ቆርቆሮም እንዲሁ። ከፊቱ ካልታሰረ፣ ቀስ ካልተባለ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፍራሽ ሲበር ማየት ይቻላል።

ምርጫው እንግዲህ ቀላል ይሆናል። መኪናዋ ከፋብሪካ ጣሪያዋ ላይ ሐዲድ ይዛ ከመጣች እሱ ላይ የሚያርፉ ሁለት አግዳሚዎች ይበቃሉ። ከሌላት፣ እንደ ቪትዝ ያለች ከሆነች፣ እግሮቹ ጎማ የለበሱ፣ በር ሲከፈት የሚታየውን የበር ፍሬም ጠርዝ በመንጠቆ የሚይዙ፣ ለዚያችው ሞዴል የተሠሩ አግዳሚዎች መፈለግ ነው፤ የኮሮላው ለቪትዝ አይሆንም፤ ሻጩ «ይገባል» ቢልም መግባትና መያዝ ይለያያሉ። አሉሚኒየም ከሆነ ጥንዱ አምስት ስድስት ኪሎ ነው፤ ከበያጁ ብረት ጋር ሲነጻጸር 20 ኪሎ ያህል ፈቃድ ተረፈ። ያገር ውስጥ ሥራ ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው ደግሞ (በያጆቻችን እጃቸው ይባረክ፤ ችግራቸው ሙያ ሳይሆን ልግስና ነው) ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ አጥር የሌለው ያሠራ። አጥር መቅረቱ ያስፈልጋል። አጥር ባለው ላይ ዕቃ ይወረወራል፤ አጥር በሌለው ላይ አንድ በአንድ ማሰር ግድ ነው፤ ማሰር ያደክማል፤ የደከመ ሰው ይቆጥራል። ጣሪያ መብሳትን ግን ማንም ቢመክር አለመስማት ነው። ቀዳዳው በሲሊኮን ተደፍኖ በጋውን ያልፋል፤ የጎጃም ክረምት ሲመጣ ውሃው መንገዱን ያገኛል፤ ዝገቱም ይከተላል።

መግጠሙ ላይ ብዙ ምሥጢር የለም፤ ትዕግሥት ብቻ። እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ከአቧራ ይጽዳ፤ በጎማውና በቀለሙ መካከል የቀረ አሸዋ በመንገድ መንቀጥቀጥ ቀለሙን ይፍቀዋል። የፊተኛውና የኋለኛው አግዳሚ ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ መመሪያው ሌላ ካላለ። ቡሎኖቹ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሳይሆን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠበቁ፤ አለዚያ አግዳሚው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። በሮቹ ተከፍተው ተዘግተው ይሞከሩ፤ መንጠቆው የበሩን ጎማ ከተጫነ ውሃ ይገባል። አዲስ የተገጠመ ሁሉ በመጀመሪያው ጉዞ ይላላል፤ ስለዚህ ሱሉልታ ላይ ወርዶ መነካካት፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር መድገም፣ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ደብረ ኤልያስ ሲታጠፉም እንደገና መፈተሽ ነው። ከውስጥ ጎማ የተቆረጠው ማሰሪያ ለዶሮ ቅርጫት ጥሩ ነው፤ ለከባድ ነገር ግን ስለሚለጠጥ ዕቃው ከተነሣ ቦታው አይመልሰውም። መቆለፊያ ያለው የጨርቅ ማሰሪያ ወይም የማይለጠጥ ገመድ ይመረጣል።

የነዳጁ ነገር ለመጨረሻ ቀርቷል፤ በእኛ ፍጥነት ብዙ የሚያወራ ጉዳይ አይደለም። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ተመራማሪ የተሳተፈበት ጥናት ፖርቶመጋላ የአንድን አውቶሞቢል የነዳጅ ፍጆታ እስከ 25 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሳይቷል፤ ይህ ግን ጭነት ሲኖርበትና በሰፊ አውራ ጎዳና ሲፈጥኑ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስ ጫና አራት እጥፍ ስለሚሆን በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ባዶ ፖርቶመጋላ ብዙ አይበላም። ቻርጅ ለሚደረጉት አዳዲስ ትናንሽ መኪኖች ግን ነገሩ ይለያል፤ እነሱ ላይ ነፋሱ የሚበላው ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጀን ሳይደርሱ ባትሪ ማለቅ ደግሞ ከነዳጅ ማለቅ የባሰ ነው፤ በጄሪካን የሚያመጣልህ የለም። ስለዚህ በዓሉ ሲያልፍ ፖርቶመጋላውን ማውረድ ይገባል፤ በመንጠቆ የተያዘው በግማሽ ሰዓት ይወርዳል፤ የተበየደውን ለማውረድ ግን ሰው ይጠራል።

የወረደው የት ይቀመጣል የሚለውን ማንም አስቀድሞ አያስብበትም። ከአልጋ ሥር አይገባም፤ ቁምሳጥን ላይ አይወጣም። በመጨረሻ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ይደገፋል። በሳምንቱ ልብስ ይሰጣበታል፤ በወሩ አከራይዋ እትዬ በርበሬም ያሰጡበታል፤ ለትንሳኤ ባለመኪናው ወደ ደብረ ኤልያስ ለመሄድ ሊገጥመው ሲመጣ፣ አልደረቀም ይባላል።